ማንኪራ ለመድረስ ስንት ግሥ ይበቃል?

ከቦንጋ ወጥቶ በደቻ ወረዳ ወደሚገኘው የማንኪራ ደን የሚሄድ ሰው ጉዞውን በአማርኛ ለመተረክ አራት ግሥ ይበቃዋል። ከከተማ ይወጣል፤ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ወንዙን ይሻገራል፤ ደኑ ውስጥ ይገባል። የቡና እናት ከምትባለው አሮጌ ዛፍ ሥር ሲቆም ደረሰ ተባለ፤ ወሬው አለቀ። በዚህ ሁሉ መንገድ እግሩ ምን ሲያደርግ እንደዋለ የጠየቀም የተናገረም የለም። ተጎትቶ ይሁን ተጣድፎ፣ ደኑ ያለባት ከፋ ዝናብ የማይቸግራት አገር ናትና ጭቃው ጫማውን አስቀርቶበት ባዶ እግሩን ይሁን፣ ሰሚው ካልጠየቀ ተራኪው አይጨነቅበትም። ያንኑ ጉዞ እንግሊዝኛ ሲተርከው ግን ግሡ አንድና አንድ ነው፤ ዎክ። ዎክ አውት፣ ዎክ ዳውን፣ ዎክ አክሮስ፣ ዎክ ኢንቱ። ሰውዬው ከመነሻው እስከ መድረሻው ይራመዳል እንጂ አይወጣም፣ አይወርድም፣ አይሻገርም፣ አይገባም። መውጣት መውረዱን ከግሡ ኋላ የምትከተል አንዲት ሚጢጢ ቃል ትናገርለታለች። እኛ መንገዱን ተርከን እግሩን እንተዋለን፤ እነሱ እግሩን ተርከው መንገዱን ለሚጢጢዋ ይተዉላታል።

ትምህርት ቤት ይህን ጉዳይ የሚያስተምረን በባዶ ቦታ ሙላ ነው። ዘ ማን ዎክድ ዳሽ ዘ ሩም፤ ኤ አት፣ ቢ ኢንቱ፣ ሲ ኦፍ፣ ዲ አፕ። ሰነፉ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ያከብባል፤ ቢያገኝም ቢስትም ምክንያቱን አያውቀውም። ትጉው ደግሞ የፍሬዛል ቨርብ ዝርዝር ደብተሩ ላይ ገልብጦ እንደ ዳዊት ይደግማል። ዎክ ኢን፣ ዎክ አውት፣ ዎክ ኦፍ ብሎ ሲጨርስ ራን ኢን፣ ራን አውት፣ ራን ኦፍ በር ላይ ይጠብቁታል። እንግሊዝኛ የእግር ግሥ ሞልቶ የተረፈው ቋንቋ ስለሆነ ደብተሩ ያልቃል እንጂ ዝርዝሩ አያልቅም። እኔ የምለው፣ ይህ ሁሉ ልፋት አድራሻውን ስቷል። ለአማርኛ ተናጋሪ ሚጢጢዋ ቃል መስተዋድድም ተውሳከ ግሥም አይደለችም፤ ግሥ ናት። ኢን ማለት ገባ ነው። አውት ወጣ፣ ዳውን ወረደ፣ አክሮስ ተሻገረ፣ ስሩ አቋርጦ አለፈ፣ ባክ ተመለሰ፣ አዌይ ሄደ። ግሥ ተብሎ የተሾመው ዎክ ግን እኛ ዘንድ ቢበዛ «በእግሩ» ወይም «እየተራመደ» ነው፤ ቢቀር የማይጎዳ አጃቢ። አንድ ቦታ ብቻ ሒሳቡ ይዛነፋል፤ አማርኛ ከቤት ሲወጣም ተራራ ሲወጣም «ወጣ» ስለሚል አውትና አፕ አንድ ግሥ ላይ ይጋፋሉ። ግእዝ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ወፅአንና ዐርገን ለያይቶ ይዟቸው ኖሯል። በዚህ ነገር እንግሊዝኛ ከአማርኛ ይልቅ ለግእዝ ይቀርባል ብል የቅኔ ቤት ሰዎች የሚቆጡኝ አይመስለኝም።

ሚጢጢዋን በግሥ የመተርጎሙን መላ ከራሴ አላመነጨሁትም። ሊዮናርድ ታልሚ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች የዓለምን ቋንቋዎች በዚሁ መስፈርት ከሁለት ከፍሏቸዋል፤ መንገዱን ግሡ ውስጥ የሚያስገቡና መንገዱን ከግሡ ውጭ ባለች ቃል የሚናገሩ። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ሩሲያኛ ከኋለኞቹ ናቸው። ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ዕብራይስጥና ቱርክኛ ከፊተኞቹ፤ አማርኛም እነሱ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ሚጢጢዋ ቃል ያስቸገረችው የቦንጋ ተማሪ ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ፤ የፓሪሱም እኩያው በዚችው ቃል ጥፍሩን ይበላል። ተመራማሪው ዳን ስሎቢንና ባልደረቦቹ ደግሞ ሜርሰር ሜየር በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን፣ ታሪኩ በሥዕል ብቻ የሚነገርበትን የልጆች መጽሐፍ ይዘው በተለያየ ቋንቋ አፋቸውን ለፈቱ ሕፃናት እያሳዩ አስተረኳቸው። ልጁ የጠፋችበትን እንቁራሪት ፍለጋ ሲንከራተት አንዱ ገጽ ላይ ከዛፍ ሽንቁር ጉጉት ይወጣል። ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ልጆች አንዳንዶቹ ጉጉቱን ያስበርሩታል ወይም ያስፈነጥሩትና አውቷን ከኋላ ያስከትላሉ፤ የስፓኒሽ ልጆች ጉጉቱ ወጣ ብለው ገጹን ይገልጣሉ። የኛም ልጅ ቢጠየቅ ወጣ ባይል ብቅ አለ ነው የሚለው፤ እንደ ብቅ ወዳሉት ቃላት እመለሳለሁ።

አማርኛ ይህን ጠባይ ያመጣው ከሩቅ ነው። የሙሴን ሁለተኛ መጽሐፍ አባቶች ኦሪት ዘፀአት አሉት፤ የመውጣት ኦሪት። ሕዝቡ በእግሩ አርባ ዓመት መንከራተቱ ርእሱ ላይ ቦታ አላገኘም፤ መውጣቱ በቃ። እንግሊዝኛ ኤክሶደስን ከግሪክ ተውሶ ባይገላገልና በገዛ ቃሉ ልሰይመው ቢል ኖሮ ዎክ አውት ይለው ነበር። ያን ጊዜ ሙሴ ለፈርዖን የሥራ ማቆም ማስጠንቀቂያ ይዞ የቀረበ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር በመሰለ፤ የጡብ ሥራውም ስለቆመ እንኳ ስሙ ብዙ አይከፋበትም።

መልክዓ ምድሩ ነው እንዲህ ያደረገን የሚል አይጠፋም። ለማመን የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። ከጅማ ተነሥቶ ቦንጋ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ጎጀብ ይወርዳል፣ ጎጀብን ይሻገራል፣ ከዚያ ቦንጋ ይወጣል፤ ሜዳ ያልፈጠረበት አገር ላይ የሚነገር ነገር ይኸው መውጣትና መውረድ ነው። እስከ 1897 እ.ኤ.አ. የቆየው የከፋ መንግሥት ደግሞ ጎጀብን እንደ ግንብ ይዞ፣ ከዚያ ወዲህ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ፣ በሮቹን በዘበኛ ያስጠብቅ ነበር። እንዲህ ያለ አገር ድንበር ላይ ለቆመ ነጋዴ ቁም ነገሩ ገባ ወይስ አልገባም ነው፤ እያነከሰ መጣ ወይስ እየተንጎማለለ፣ የበሩ ሹም ምን ገዶት! ነገሩ ያምራል፤ ግን አይሆንም። አንደኛ አማርኛ ከፋ ላይ አልተወለደም፤ የአገሩ ቋንቋ ካፊኖኖ ነው፣ ቤተሰቡም ኦሞቲክ እንጂ ሴማዊ አይደለም። ሁለተኛ ስዊዘርላንድ ከማንም ያላነሰ አቀበትና ቁልቁለት አላት፤ አብዛኛው ሕዝቧ ግን የሚናገረው ጀርመንኛ ነው፣ ጀርመንኛውም ተራራውን የሚወጣው በሚጢጢ ቃል ነው። ዐረብኛ በበኩሉ ሜዳ ላይ፣ አሸዋ ላይ ተቀምጦ መግባትና መውጣትን በግሥ ይናገራል። አቀበቱን ለትንፋሻችን ተጠያቂ እናድርገው፤ ለሰዋስዋችን ግን ነጻ ነው።

አማርኛ የሚወድ አንባቢ እዚህ ላይ ቅር ይለዋል። እንዴት ቢሆን ነው እግር የማናውቅ ሰዎች የምንሆነው? ድክ ድክ ማለት የማነው? ጎምለል ጎምለል ማለት፣ ዱብ ዱብ ማለት፣ ውር ውር ማለት፣ ሹልክ ማለት፣ ዘው ማለት፣ ከች ማለት፣ ከተፍ ማለት፣ ላጥ ማለት፣ እብስ ማለት፣ ጥልቅ ማለት፣ ብቅ ማለትስ? እውነቱን ነው፤ በዚህ ሀብት ከማንም ጋር እንወዳደራለን። ግን የት እንደሚቀመጡ ልብ ይሏል። ሹልክ ብሎ ወጣ፣ ዘው ብሎ ገባ፣ ዱብ ዱብ እያለ ወረደ እንላለን፤ የእግሩ አኳኋን ፊት ፊት እየሄደ ያጅባል፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው መንገዱ ነው። ሰሚው የሰውዬውን ግርማ ሞገስ በሙሉ ሰምቶ ይግባ ይውጣ ሳያውቅ እስከ መጨረሻዋ ቃል ይንጠለጠላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ከነዚህ ቃላት አብዛኞቹ መንገዱን ራሳቸው ውስጥ መሸጎጣቸው ነው። ዘው ያለ ሰው ገብቷል፤ ዘው ብሎ ወጣ የሚል አማርኛ ከማን አፍ ይሰማል? ከች ያለና ከተፍ ያለ መጥቷል፤ እብስ ያለና ላጥ ያለ ሄዷል፤ ጥልቅ ያለ ውስጥ ነው። ከች ብሎ የሄደ፣ እብስ ብሎ የመጣ እስካሁን አልተወለደም። የእንግሊዝኛው ስትሮል ግን ኢንም አውትም፣ አፕም ዳውንም ቢሉት እሺ ባይ ነው፤ ጎምለል ማለቱን እንጂ የትም ይሁን የት መድረሱን በራሱ አይናገርም። እኛ ስለ እግር ለማውራት ስንነሣ እንኳ መንገዱ አፋችን ውስጥ ቀድሞ ይገኛል።

ሰዋስው ያነበበ ተከራካሪ ደግሞ ሽቅብና ቁልቁልን ያነሣብኛል። ቁልቁል ሮጠ አማርኛ አይደለም? ወደ ቤቱ ሮጠስ? ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ ያውም ጥሩ። ነገር ግን ወደ ቤቱ የሮጠ ሰው ይግባ አይግባ አልታወቀም። መንገድ ላይ ወዳጁን አግኝቶ ቡና ቤት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መግባቱ እንዲታወቅ ከተፈለገ ሮጦ ገባ ማለት ግድ ነው። ወደ የምትለዋ ቃል እስከ ደጃፉ ታደርሳለች፤ ደፉን ለመሻገር ግን አማርኛ ሌላ ግሥ ያስከፍላል። ውስጥ የምትለዋን ብንጨምርስ ቢባል፣ ቤት ውስጥ ሮጠ ማለት ድሮውንም ውስጥ የነበረ ሰው ሳሎኑን በሩጫ አካለለው ማለት ነው፤ እናቶች ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ አትሩጥ ብለው የሚቆጡት በዚህ ትርጉሙ ነው። እንግሊዝኛው ራን ኢንቱ ካለ ግን ሩጫውም ገብቷል፣ ሰውየውም ገብቷል። ሰውን እየሳቁ ከመድረክ ማስወረድም ሲያምረው ሳቁን ግሥ አድርጎ ኦፍን ያስከትልበታል፤ ሳቅ እግር ይኑረው አይኑረው የሚጠይቀው የለም።

እንግሊዝኛስ ኤንተር የለውም? አሴንድ፣ ዲሴንድ የለውም? አለው፤ ግን የሰው ነው። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል፣ ከዚያም በላቲን መጻሕፍት የገቡ ቃላት ናቸው፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከኛ ወገን መሆኑን አይተናል። እንግሊዞቹ እነዚህን ቃላት ለፍርድ ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለትያትር አስቀምጠዋቸው ቤት ውስጥ ሚጢጢዋን ይዘው ይኖራሉ። እኛ ግን ግሥ ስንፈልግ ግሥ ስላገኘን ደስ ብሎን በእጃችን ሙሉ እንጠቀምባቸዋለን። የኢትዮጵያዊ እንግሊዝኛ እንደ ማመልከቻ ደብዳቤ የሚከረው፣ በኔ ግምት፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መርካቶ ላይ ከሚኒባስ ዲሴንድ ያደረገ ተሳፋሪ ሰዋስው አልሳተም፤ ለእንግሊዙ ጆሮ ግን ከሰማይ የወረደ መልአክ ይመስላል፤ ያውም ኪሱ ገና ሳይፈተሽ።

ታክሲው ከተነሣ አይቀር፣ ለክርክሬ ከሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃ እዚያው አለ። የኛ ተሳፋሪ ወራጅ አለ ይላል፤ መንገዱን በስም ጠርቶ ይገላገላል። እንግሊዙ ጌት ኦፍ ይላል። ጌት ስለ እግር ምን ይናገራል? ምንም። ስለ ሌላስ? እዚህ ቦታ ላይ እሱም ምንም። የግሡ ወንበር ላይ ባዶ ሰው ተቀምጦ ሳለ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ሆኖ ይቆማል፤ ጌት ኢን፣ ጌት አውት፣ ጌት አፕ፣ ጌት አክሮስ፣ ጌት ባክ። አንዳንድ ጊዜ ይህንንም ባዶ ሹም ያሰናብቱታል፤ የተቆጣ መምህር አውት! ካለ በቂው ነው፣ ተማሪውም ግሡ የት አለ ብሎ አይከራከርም፤ ይወጣል። ግሥ ሳይኖር ቆማ የምታዝ ቃል ግሥ ካልተባለች ማን ይባላል? የኛ ሰው ይህን በሆዱ ያውቀዋል። ኳስ ሜዳ ላይ አውትን ተውሶ ሲያበቃ አላመነውም፤ ኳሷ አውት ወጣች ይላል። መውጣቷን ሁለት ጊዜ ካልሰማ ልቡ አያርፍም።

ዎክን ራሱን ደግሞ ተውሰነዋል፤ አወሳሰዳችን ነው የሚያስቀው። አዲስ አበባ ዎክ እናድርግ ማለት ከጀመረች ሰነባብታለች። ግን ይህ ዎክ ኢንም አውትም አይከተለው፤ ሚጢጢዋን በሙሉ ከኋላው ቆርጠን ጥለን እግሩን ብቻ ወሰድን። ዎክ የሚያደርግ ሰው ጫማ ቀይሮ፣ ማልያ ለብሶ፣ የትም ላለመድረስ ይራመዳል። ከማንኪራ ቡና ተሸክማ የምትሄደውን ሴት ግን ዎክ አደረገች የሚላት የለም፤ ገበያ ወጣች ነው። መድረሻ ላለው መራመድ የራሳችን ግሥ አለን፤ መድረሻ ለሌለው ብቻ ነው ከውጭ ያስመጣነው።

እስካሁን ስለ እውነተኛ እግር ነበር፤ ምሳሌያዊውስ? ዎክ አውት አንዳንዴ ከክፍል መውጣት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ተቃውሞ ይሆናል፤ ዎክ አዌይ መተው፣ ዎክ ኦፍ ዊዝ መስረቅ፣ ዎክ ባክ ለፖለቲከኛ ከተናገሩት ማፈግፈግ። ይህ መላህን አያፈርስም ወይ ይሉኛል። ባያምኑም ያጸናዋል። ተቃዋሚው ስብሰባውን ረግጦ ወጣ እንላለን፤ አውት ወጣ ሆና፣ ዎክ ደግሞ ረግጦ ሆኖ ከነእግሩ ቁጭ አለ። ዎክ አዌይ ጥሎ ሄደ ነው፤ ዎክ ኦፍ ዊዝ ይዞ እብስ አለ ነው፤ ዎክ ባክ ከቃሉ ተመለሰ ነው። ሁሉም ላይ ሚጢጢዋ የመጨረሻው ግሥ ላይ አርፋለች። ምሳሌያዊ ሥራ እንግሊዝኛ ለሚጢጢዋ እንደሰጠ አማርኛም ለነዚሁ ግሦች ሰጥቷል፤ ነገር ይገባናል፣ ስም ይወጣልናል፣ ዕጣ ይወጣልናል፣ ክረምት ይገባል፣ ሹም ከሥልጣን ይወርዳል፣ ከሰው ጋር እንግባባለን፣ መንግሥትም ሒሳቡን ገቢና ወጪ ብሎ ይይዛል። የማይመጣልኝ የለም አልልም። ዎክ ስሩ አንድን ነገር ለሰው ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ሲሆን «እየመራ አሳለፈው» ብል አማርኛው ያነክሳል። ዎክ ኦቨር ተጋጣሚ ሲቀር የሚገኝ ድል ሲሆን ደግሞ የኛ ስፖርት ጋዜጠኛ ፎርፌ ይለውና ከእግርም ከመንገድም ይገላግለኛል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ቃል ለብቻው ይጠና፤ መቶውን ለመሸምደድ ግን ምክንያት አይሆንም።

መላው ክፉኛ የሚሰበርበት ቦታ ሌላ ነው፤ መሄድና መምጣት ላይ። የኛ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ዞር ሊል ሲነሣ መጣሁ ይላል። ገና አልሄደም፤ ግን በኃላፊ ጊዜ፣ እርግጠኛ ሆኖ፣ መጥቷል። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው አይ አም ካሚንግ ይሆንና ከነጥድፊያው ይወጣል። እንግሊዙ ለዚህ ጉዳይ ያለው አይል ቢ ባክ ነው፤ ግሡ ቦታ ላይ ቢ የተባለ ሌላ ባዶ ሹም፣ ከኋላው ባክ። ሚጢጢዋ እዚህም ግሥ ሆና ቆማለች፤ ግን የኛ ግሥ መጣ ነው፣ የሷ ተመለሰ፤ ስለዚህ ደንቤን የተከተለ ሰው ደንቡን አክብሮ ይሳሳታል። እንበልና ማንኪራ ላይ አንድ አስጎብኚ እንግዳውን ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ ከወንዙ ውኃ ሊቀዳ አይ አም ካሚንግ ብሎት ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁል ወረደ። እንግዳው ካሚንግ እያለ የሚርቅ ሰው አይቶ አያውቅም። ትንሽ ያስባል፤ ከዚያ መምጣት እዚህ አገር እንዲህ ከሆነ ብሎ ቦርሳውን አንሥቶ ተከትሎት ይወርዳል።